በአንድ ጣሪያ ሥር የማይተያዩ ኮምፒውተሮች

ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ስልኩም ይሠራል። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ግን አንድ ፋይል አይሻገርም። ብዙ ቤተሰብ ጥፋቱን ውጭ ይፈልጋል፤ ብልሽቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ወዲህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ብልሽት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሳሎኑ ጥግ ላይ ያለው ዴስክቶፕ የሦስት ሱቆችን ሒሳብ ይዟል። የቤቱ እመቤት ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው፤ የሰፈሩን ነጋዴዎች መዝገብ ቤታቸው ተቀምጠው ይሠራሉ። ልጃቸው መኝታ ቤት ሆና በላፕቶፕ ታግዛቸዋለች። በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል ያለው ርቀት አሥር እርምጃ አይሞላም። ፋይሉ ግን የሚመላለሰው በፍላሽ ነው። ፍላሹ ሲጠፋ ደግሞ ልጅቷ ሰነዱን በቴሌግራም ለእናቷ ትልካለች፤ ሰነዱ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ደርሶ፣ ተመልሶ ሳሎን ይወርድና ይታተማል።

«ቴሌ ነው» አሉ እመቤቲቱ፣ ቴክኒሻኑ ገና ከበሩ ሳያልፍ።

«ማዘር፣ ዩቲዩብ ይከፍትልዎታል?»

«ይከፍታል።»

«በላፕቶፑም?»

«በእሱም።»

«እንግዲያው ቴሌ የለበትም።»

ወጣቱ ቴክኒሻን ወዲያው ኪቦርድ አልነካም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በፊት ይሠራ እንደነበር፣ በመሀል ምን አዲስ ነገር እንደገባ ጠየቀ። እናትየው ምንም አልገባም አሉ። ልጅቷ ግን ትዝ አላት፤ መኝታ ቤቱ ዋይፋይ ስለማይደርሰው አጎቷ ከሜሪላንድ አንድ ራውተር በሰው ልኮላቸዋል። ቴክኒሻኑ ፈገግ አለ። ግማሹን መልስ እዚያው ያገኘ ይመስላል።

አንድ ሣጥን፣ ብዙ ሥራ

ኢንተርኔት መኖሩና በቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች መገናኘታቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የውጭው መስመር ጨርሶ ቢቋረጥም እንኳ ሳሎን ያለው ኮምፒውተር መኝታ ቤት ላለው ፋይል መስጠት ይችላል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ራውተሩ እንጂ ኢንተርኔቱ አይደለም። የመብራት መቆራረጥ ያስመረረው ሰው ራውተሩን ከትንሽ ባትሪ ጋር ካያያዘ፣ ሰፈሩ በሙሉ ኔትዎርክ ባጣበት ሰዓት እንኳ በቤቱ ውስጥ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ፊልም ሊገለብጥ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ነገሩን የሚያደናግረው ሣጥኑ አንድ ሆኖ ሥራው ብዙ መሆኑ ነው። ራውተር ብለን የምንጠራው ዕቃ የውጭውን መስመር ይቀበላል፤ በኋላው በኩል ባሉት ፖርቶች በኬብል የመጡትን ያገናኛል፤ በአንቴናው ዋይፋይ ያሰራጫል፤ ለመጣው መሣሪያ ሁሉ ደግሞ አይፒ አድራሻ ያድላል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ሲታመም ሌሎቹ ጤነኛ መስለው ይቀጥላሉ።

የሚያድላቸው አድራሻዎች አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢንተርኔት የቴክኒክ ደንብ የሚያወጡ ባለሙያዎች አርኤፍሲ 1918 በሚባል ሰነድ ሦስት የቁጥር ክልሎችን ለግል ኔትዎርኮች ለይተው አስቀመጡ። አንደኛው በ10 የሚጀምረው፣ ሁለተኛው ከ172.16 እስከ 172.31 ያለው፣ ሦስተኛው የቤት ራውተሮች የሚወዱት 192.168 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከቤት ውጭ ትርጉም የላቸውም። በየቀበሌው ቤት ቁጥር 12 እንዳለ ሁሉ፣ ሰሚት ያለው ዴስክቶፕና ሜሪላንድ ያለው የአጎትየው ኮምፒውተር ሁለቱም 192.168.1.5 ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱም ሌላውን አይነካም። አጎትየው በቪዲዮ ጥሪ እየመራ የእህቱን ፕሪንተር ቁጥር እዚያው አሜሪካ ባለው ኮምፒውተሩ ላይ ቢጽፍ የሚያገኘው የራሱን ቤት ነው። በርቀት ልርዳችሁ የሚሉ ዘመዶች ሰዓታት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው።

ከታች ወደ ላይ

ልምድ ያላቸው ቴክኒሻኖች ፍለጋውን የሚጀምሩት ከሚነካው ነገር ነው። ሶኬቱ ተሰክቷል? ኬብሉ የገባበት ፖርት መብራት ይበራል? መብራቱ ካልበራ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ መመርመር ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ናት። እሷ ከተሰበረች ኬብሉ ገብቶ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ ጠረጴዛው ሲነካ ሾልኮ ይወጣል።

ቀጥሎ የሚታየው አድራሻው ነው። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ከተገኘ ትርጉሙ ግልጽ ነው። አድራሻ ስጡኝ ብሎ ጠይቋል፣ የመለሰለት የለም፣ ስለዚህ ለራሱ አንድ ቁጥር መርጦ ተቀምጧል። ኬብል ላይ ያለ ወይም የዋይፋዩን ፓስወርድ አልፎ ከራውተሩ ጋር በትክክል ያልተገናኘ ኮምፒውተር እንዲህ ያደርጋል። ይህን ቁጥር እያዩ ፋየርዎል መነካካት ጊዜ ማጥፋት ነው።

ኬብልን በተመለከተ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ሥራ የጀመረ አንድ አንጋፋ ባለሙያ የሚያነሳው ጉዳይ አለ። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘው ይገኛሉ። ብርቱካን ከነጭ ብርቱካን፣ አረንጓዴ ከነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡኒም እንዲሁ። መጠማዘዛቸው ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ጥንድ በሌላው ላይ የሚያሳድረውን ረብሻ የሚያጠፋው መጠማዘዙ ነው። ጀማሪ ሰው ጫፉን ሲያስር አራቱን ጥንዶች በተራ ይደረድራቸዋል። ለዓይን ያምራል። መደበኛው አደራደር ግን አረንጓዴውን ጥንድ ለያይቶ ሰማያዊውን መሀል ያስገባል፤ ምክንያቱም 3ኛውና 6ኛው ቦታ ላይ የሚገቡት ሽቦዎች የአንድ ጥንድ ልጆች መሆን አለባቸው። በተራ የተደረደረው ኬብል ግን ሦስተኛውን ከአንዱ፣ ስድስተኛውን ከሌላው ጥንድ ይወስዳል።

ክፋቱ፣ ርካሹ የኬብል መሞከሪያ ስምንቱንም መብራት አብርቶ «ደህና ነው» ማለቱ ነው። መሞከሪያው የሚያየው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አይደለም። አጭር ኬብል ላይ ችግሩ ላይታይ ይችላል። ከሳሎን ተነስቶ በኮሪደር ዞሮ ጓዳ የሚደርስ ኬብል ላይ ግን ትንሽ ፋይል ያልፋል፣ ትልቁ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

> «መሞከሪያው ሁሉን ካበራ በኋላ ነው እኔ መጠርጠር የምጀምረው» ይላል አንጋፋው።

የተበጠሰ ሽቦም ሁልጊዜ ግንኙነት አያቋርጥም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው የቆየው ስልት ሁለት ጥንድ ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ቡኒው ወይም ሰማያዊው ከተበጠሰ ኮምፒውተሮቹ ይገናኛሉ፣ ግን በአንድ አሥረኛ ፍጥነት። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ አርጅቷል ብሎ አዲስ ሊገዛ ያስባል።

ሮቶውና ቻናል 13

ዋይፋይ ላይ ሲደረስ ቤቱ ራሱ ይናገራል። የኮንዶሚኒየም ብረት ያለው ኮንክሪት የሬዲዮ ሞገድ ያዳክማል፤ ቆርቆሮና ትልቅ መስታወት ይመልሱታል፤ ውኃ ይመጠዋል። በአዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ራውተሩና መኝታ ቤቱ መካከል የቆመ ሮቶ ማየት የተለመደ ነው። ሮቶው ጠዋት ጎዶሎ ሲሆን የሚሠራ ዋይፋይ ማታ ሲሞላ መዳከሙ ተረት አይደለም።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በአንድ ብሎክ ውስጥ ሠላሳ ቤት ሦስቱን ሲሻማ ምን እንደሚፈጠር መገመት አይከብድም። አንዳንዱ ራውተር ከግርግሩ ሸሽቶ 12 ወይም 13 ላይ ይሰፍራል። ይህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ላፕቶፕ በገባበት ቤት ሌላ እንቆቅልሽ ያመጣል፤ እነዚያ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ከ11 በላይ አይሰሙም። የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ዋይፋዩን ያያል፣ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ ብቻ አያየውም። ሰው ላፕቶፑን ይወቅሳል። የራውተሩን ቻናል ወደ 6 መቀየር ይበቃው ነበር።

አንድ ቤት፣ ሁለት ኔትዎርክ

ወደ ሰሚት እንመለስ። ቴክኒሻኑ በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ «አይፒኮንፊግ» ጻፈ። ሳሎን ያለው ዴስክቶፕ 192.168.1.5፣ መኝታ ቤት ያለው ላፕቶፕ 192.168.0.101። ልዩነቱ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው፤ አንዱ 1፣ ሌላው 0። በቤት ራውተሮች የተለመደ አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ካልሆኑ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የአንድ ኔትዎርክ አባላት አይደሉም።

አጎትየው የላከው ራውተር ማለፊያ ዕቃ ነው። የኃይል መቀበያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚል ሶኬት ላይ ሲሰካ አልተቃጠለም፤ 120 ብቻ የሚሉት ይቃጠላሉ። ከዋናው ራውተር የመጣው ኬብል የገባው ግን ለውጭ መስመር በተሠራውና «ዋን» ተብሎ በተለየው ፖርት ነበር። ሁለተኛው ራውተር የመጀመሪያውን እንደ ኢንተርኔት አቅራቢ ቆጠረው፤ ከኋላው የራሱን ኔትዎርክ መሠረተ፣ የራሱን አድራሻ ማደል ጀመረ፣ በሩንም ዘጋ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ወደ ውጭ መንገድ ስላላቸው ዩቲዩብ ይከፍታሉ። ችግሩ የማይታወቀውም ለዚህ ነው።

የዚህ ዓይነቱ አያያዝ ምልክት አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ላፕቶፑ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሄድ ዴስክቶፑን በቁጥሩ ሊያገኘው ይችላል። ዴስክቶፑ ግን 192.168.0.101 የሚባል ጎረቤት አያውቅም፤ ጥያቄውን ለዋናው ራውተር ይሰጣል፣ ራውተሩም ወደ ውጭ ይጥለዋል። «እኔ አየዋለሁ፣ እሱ አያየኝም» የሚል ሰው ሲገኝ፣ ሁለተኛ ራውተር የት እንዳለ መጠየቅ ግማሽ ቀን ያድናል።

ቴክኒሻኑ የሠራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የሁለተኛውን ራውተር ማስተካከያ ገጽ ከፍቶ አድራሻውን 192.168.1.2 አደረገው፤ አድራሻ ማደሉን አጠፋ፤ ኬብሉን ከዋን ፖርት ነቅሎ ከተራዎቹ በአንዱ ሰካው። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። አድራሻ ማደሉ ሳይጠፋ ኬብሉ ቢዛወር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አዳይ ይኖራል፤ መሣሪያዎቹም ቀድሞ ከመለሰላቸው ይቀበላሉ። ዛሬ ሠርቶ ነገ የማይሠራ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሚሠራ ኔትዎርክ እንዲህ ይወለዳል። አዳዲሶቹ ራውተሮች ይህን ሁሉ «አክሰስ ፖይንት» በሚል አንድ ምርጫ ይጨርሱታል።

ሁለተኛ ራውተር ሳይኖርም ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ይችላል። «ጌስት» የተባለውን የእንግዳ ዋይፋይ የያዘ ላፕቶፕ ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የቤቱን ኮምፒውተሮች አያገኝም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። ፓስወርዱ ቀላል ስለሆነ ልጆች እሱን ይመርጣሉ።

ዝምታ ሁሉ አለመኖር አይደለም

አሁን ሁለቱም በ192.168.1 ሥር ናቸው። ቴክኒሻኑ ከላፕቶፑ ወደ ዴስክቶፑ «ፒንግ» ላከ። መልስ የለም።

ፒንግን የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1983፣ በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ በነበረበት ጊዜ። ስሙን የወሰደው ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ ልከው ማሚቶውን ከሚሰሙበት ሶናር ነው። ሐሳቡም ያው ነው፤ ልከህ ትጠብቃለህ፣ ከተመለሰ ማዶ ሰው አለ። የዛሬዎቹ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ለፒንግ እንዳይመልሱ ፋየርዎላቸው ያዛቸዋል። ስለዚህ ፒንግ ሲመለስ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ሳይመለስ ሲቀር ግን ምንም አላረጋገጠም። ብዙ የኮምፒውተር ትምህርት ምሩቃን ይህን ሁለተኛውን ክፍል ይዘነጉታል።

ዝምታውን የሚፈትን ሌላ መንገድ አለ። በአንድ ኔትዎርክ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር መልእክት ከመላኩ በፊት «ይህ አይፒ የማን ነው?» ብሎ ይጠራል፤ ባለ ቁጥሩም የኔትዎርክ ካርዱን መለያ ቁጥር ይመልሳል። ይህኛውን ጥሪ ፋየርዎሉ አያግደውም። ከፒንጉ በኋላ «ኤአርፒ» የተባለውን ትእዛዝ ጽፎ ዝርዝሩን ያየ ሰው፣ ከ192.168.1.5 አጠገብ የካርድ መለያ ተመዝግቦ ካገኘ ዴስክቶፑ አለ ማለት ነው። መስመሩ ደህና ነው፤ ዝም ያለው አልናገርም ብሎ ነው። ሰሚት ላይ የተገኘውም ይኸው ነበር።

> መስመሩን መጠገንና በሩን ማስከፈት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚደርሱ ብዙ ሰዎች ትዕግሥታቸው ያልቅና ፋየርዎሉን ጨርሰው ያጠፉታል። ይሠራላቸዋል። እንዲያውም ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ የተዛመተው ስለሚሠራ ነው። ግን ለአንድ ፎልደር ተብሎ የኮምፒውተሩ መከላከያ ሁሉ ይወርዳል፤ በማግስቱ መልሶ የሚያበራውም የለም። ለጥቂት ደቂቃ ለሙከራ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ስንፍና ነው።

ትክክለኛው ማስተካከያ ከዚያ አይከብድም። ዊንዶውስ አዲስ ኔትዎርክ ሲያገኝ «ፐብሊክ» ወይም «ፕራይቬት» ብሎ ይመድበዋል። ፐብሊክ ማለት እንደ ካፌና ኤርፖርት ያለ የማያምነው ቦታ ነው፤ እዚያ ራሱን ይደብቃል። የቤት ዋይፋይ በስህተት ፐብሊክ ሆኖ መገኘቱ እጅግ የተለመደ ነው። ራውተር ሲቀየርም ዊንዶውስ አዲስ ቦታ የገባ ስለሚመስለው የድሮው ምርጫ ሊቀር ይችላል። ቴክኒሻኑ ዴስክቶፑን ወደ ፕራይቬት መለሰው፣ የፋይልና የፕሪንተር ማጋሪያውን ከፈተ። ፒንጉ መለሰ።

አንድ ሌላ ተጠርጣሪም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ለወራት በተገደቡበት ጊዜ ብዙ ሰው ቪፒኤን ጫነ። ገደቡ ተነሳ፣ ቪፒኤኑ ግን በየላፕቶፑ ቀረ። አንዳንዶቹ ሲበሩ የቤቱን ኔትዎርክ ሳይቀር ዘግተው መልእክቱን ሁሉ ወደ ውጭ ይወስዱታል። ፕሪንተር ጠፋ የሚል ሰው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የቪፒኤን ምልክት ቢያይ ይጠቅመዋል።

የድሮው ብልሃት ለምን ከዳ

በኢንተርኔት ካፌና በጌም ቤት ያደጉ ባለሙያዎች ቅሬታ አላቸው። ያኔ ሁለት ኮምፒውተር በኬብል ይያያዛል፣ የወርክግሩፑ ስም አንድ ይደረጋል፣ ፎልደሩ ሼር ይደረጋል፣ አለቀ። ማንም ስምና ፓስወርድ አይጠየቅም። ካውንተር ስትራይክ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ይችለው ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ሄደው አይሆንላቸውም።

ቅሬታቸው ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን የእነሱ መርሳት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ ፕሮግራም በአንድ ቀን ዓለምን ዞረ። ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ነበር፤ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ታካሚዎችን እስከ መመለስ ደረሱ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የዘለለው ሰው ምንም ሳይጫን፣ በዊንዶውስ የፋይል ማጋሪያ በኩል ነው። የተጠቀመበት ቀዳዳ ኤስኤምቢ 1 የተባለው የመጀመሪያው የማጋሪያ ቋንቋ ውስጥ ነበር፤ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አይቢኤም ውስጥ የተተከለ። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት አውጥቶ ነበር፤ ያልጫኑት ተመቱ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ የወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም አሮጌውን ቋንቋ ማስወገድ ጀመረ። የኤስኤምቢ 1 መቅረት ጎረቤት ኮምፒውተሮችን በዝርዝር ያሳይ የነበረውንም የድሮ አሠራር ይዞት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለቤት ተብሎ የተሠራው «ሆምግሩፕ» ተነሳ። ስለዚህ ዛሬ «ኔትዎርክ» የሚለውን ከፍቶ ባዶ ማየት ኮምፒውተሩ የለም ማለት አይደለም። በአድራሻ መጻፊያው ሁለት የኋላ ሰረዝና የዴስክቶፑን ቁጥር መጻፍ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ያስገባል። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቁጥሩ ከሠራ፣ የተበላሸው ስም የመፈለጊያው መንገድ ብቻ ነው።

ፒን ፓስወርድ አይደለም

ሰሚት ላይ ቁጥሩ ሲጻፍ መስኮት ተከፈተ፤ ስምና ፓስወርድ ጠየቀ። እመቤቲቱ ዴስክቶፑን በየቀኑ የሚከፍቱበትን አራት አኃዝ ነገሩት። አልተቀበለም። ደገመ፣ አልተቀበለም።

«ልጄ፣ ጠዋት በዚሁ ነው የከፈትኩት!»

እውነታቸውን ነው። አራቱ አኃዝ ግን ፒን ነው፤ ፒን የሚያገለግለው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ለሚከፍተው ብቻ ነው። በኔትዎርክ የሚመጣ ሰው የሚጠየቀው የአካውንቱን ፓስወርድ ነው። በብዙ ቤቶች ደግሞ እሱ ላፕቶፑ የተገዛ ዕለት ሱቅ ውስጥ አንድ ጊዜ ተጽፎ የተረሳ ነገር ነው፤ አንዳንዴ የጻፈውም ሻጩ ነው። አካውንቱ ፓስወርድ ጭራሹን ከሌለው ደግሞ ዊንዶውስ በኔትዎርክ በኩል አያስገባም። «ምንም ፓስወርድ የለውም፣ ክፍት ነው» የሚለው ኮምፒውተር ከውጭ ለሚመጣ ዝግ ነው።

ቴክኒሻኑ የእመቤቲቱን የድሮ ፓስወርድ ለማስታወስ ሲታገል አልቆየም። በዴስክቶፑ ላይ ለማጋሪያ ብቻ የሚሆን ተራ አካውንት ከፈተ፤ ስሙን «ሒሳብ» አለው፣ ፓስወርዱንም ልጅቷ ራሷ ጻፈች። ለዚህ አካውንት የሒሳቡን ፎልደርና ፕሪንተሩን ብቻ ፈቀደለት። መላው የሲ ድራይቭ ሼር እንዲሆን ልጅቷ ጠይቃው ነበር፤ እምቢ አለ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ሥራው ካለቀ በኋላ ቴክኒሻኑ አንድ ነገር ጨመረ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ለማን ምን አድራሻ እንደሰጠ ሊረሳ ይችላል። ትናንት 5 የነበረው ዴስክቶፕ ዛሬ 8 ይሆናል፤ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠው አቋራጭ ግን አሁንም 5ን ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ኔትዎርኩ ተበላሸ ይላል። ሌላ ቤት ውስጥ ፕሪንተሩ በእጅ የተሰጠውን ቁጥር ይዞ ተቀምጦ ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለእንግዳ ስልክ ያድለዋል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ፕሪንተሩ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። መፍትሔው በራውተሩ ገጽ ላይ የመሣሪያውን ካርድ መለያ ከአንድ አድራሻ ጋር ማሰር ነው። ለኮምፒውተርና ለፕሪንተር ጥሩ ይሠራል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ የመጡ ስልኮች ግን ለየዋይፋዩ የፈጠራ መለያ ስለሚሰጡ፣ የዋይፋዩ ስም ሲቀየር አዲስ ስልክ መስለው ይመጣሉ።

ቴክኒሻኑ ሒሳቡን ተቀብሎ ቡናውን ጠጥቶ ወጣ። በዚያ ቤት ሦስት ነገር ተደራርቦ ነበር፤ ሁለተኛው ራውተር፣ ፐብሊክ የሆነው ኔትዎርክና ፒኑ። አንዱን ብቻ ያስተካከለ ሰው ምንም ለውጥ ስለማያይ መልሶ ያበላሸዋል። በዘርፉ የቆዩ ሰዎች አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንካ፣ የነካኸውንም ጻፍ የሚሉት ለዚህ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ

እስከ መጨረሻው የማይፈታ ጉዳይም አለ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ትልልቅ ያገለገሉ የኮፒ ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ስካን ያደረጉትን በኔትዎርክ ወደ ኮምፒውተር ፎልደር ይልካሉ። ብዙዎቹ የሚያውቁት ቋንቋ ኤስኤምቢ 1 ብቻ ነው፤ የሠራቸው ፋብሪካ አዲስ ፕሮግራም ካቆመላቸው ቆይቷል። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ስካኑ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 ዕትም ደግሞ ባለ ፕሮፌሽናል ፈቃዱ ላይ ግንኙነቱ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትንም ይከለክላል። በዚህ ምክንያት ኤስኤምቢ 1ን ከተሻገሩት ማሽኖች መካከልም የሚቀር አለ።

አንድ የባንክ ኔትዎርክ ባለሙያ መልሱ ቀላል ነው ይላል፤ ማሽኑን መጣል። ባለሱቁ ይስቃል። ማሽኑ ይኮፒያል፣ ያትማል፣ ጎማው ገና ነው፤ ለአንድ ስካን ተብሎ አዲስ አይገዛም። አሮጌውን ቋንቋ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ መልሶ የሚጭንለት ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ ያገኛል፤ ያ ኮምፒውተር ግን ተማሪው ሁሉ ፍላሹን የሚሰካበት ነው።

ከሁለቱ መሀል የተገኘው መንገድ እንዲህ ያለ ነው። ማሽኑ ኤፍቲፒ በሚባለው ሌላ መንገድ መላክ ከቻለ በዚያ እንዲልክ ይደረጋል፤ እሱም አሮጌ ነው፣ ግን ቢያንስ የዊንዶውሱን በር አያስከፍትም። ካልቻለ ከጠረጴዛው ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ኢንተርኔት የለውም፣ ፍላሽም አይሰካበትም፣ ከኮፒ ማሽኑ ጋር ብቻ በአንዲት ትንሽ ስዊች ተያይዟል። ሠራተኛዋ በቀን ጥቂት ጊዜ ጎንበስ ብላ ለዚሁ ብቻ በተለየ ፍላሽ ትገለብጣለች። ደንበኛው ብዙ ሲሆን እንደሚያዘገያት ትናገራለች፤ ባለሱቁ ግን እስከ ክረምት በዚሁ እንዲቆይ ወስኗል።